ስለ ምችና ስለ ስውር ዘመዱ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ሕዝብ የተደረገ ንግግር



ከጦሳ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ከተቆረቆረችው ከደሴ ተነሥቶ፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ጨርሶ፣ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ብቻ ከብርዱ ወጥቶ በኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ የገባ መንገደኛ፣ በማግሥቱ ወይም በሠልስቱ ራሱን ቢያመው፣ ሰውነቱ ቢግል፣ ከከንፈሩም ዳር ውኃ የቋጠሩ ጥቃቅን ሽፍታዎች ተሰብስበው ቢታዩበት፣ ያየው ሁሉ የሐኪም ቃል ሳይጠብቅ «ምች መትቶሃል» ይለዋል። ይህን ፍርድ ሕፃኑም ሽማግሌውም፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እኩል ያውቀዋል። ሕማሙ አያሳፍርም፣ አያስደብቅም፤ ከንፈሩ ቆስሎ ሥራ የገባውን ሰው ባልደረቦቹ «አይዞህ» ይሉታል እንጂ ከየት አመጣኸው ብለው አይመረምሩትም። ዛሬ በፊታችሁ የቆምሁት ስለዚህ ስለምናውቀው ሕማም፣ እንዲሁም የአንድ ዘር ልጅ ሆኖ ሳለ ስሙ በአደባባይ ስለማይጠራው ስለ ወንድሙ ለመናገር ነው፤ ሁለቱን አያይዤ የማነሣውም አንደኛውን በግልጽ መናገራችን፣ ሁለተኛውን ደግሞ መሸሸጋችን ብዙ ጉዳት አምጥቶብናል ብዬ ስለማምን ነው።

የምችን ሕክምና በወሎ ጓሮ ያላየ የለም። እናት ወይም አያት ከደጃፍ ከበቀለው ዳማከሴ ጥቂት ለጋ ቅጠል ትቀነጥሳለች፤ በሁለት መዳፏ መካከል አድርጋ ደኅና አድርጋ ታሸዋለች፤ አረንጓዴው ጭማቂ በጣቶቿ መካከል መንጠብጠብ ሲጀምር የታመመውን ግንባርና አንገት ትቀባለች፣ የታሸውንም ቅጠል አፍንጫው ሥር ይዛ ታሸትተዋለች፤ ከቀረውም ሁለት ሦስት ጠብታ በቡናው ስኒ ላይ ጨምቃ «ጠጣው ልጄ፣ ላብህን አውጥቶ ይለቅሃል» ትለዋለች። ከዚያ ተሸፋፍኖ ይተኛል። የሚነገረው ሰበብም በየቤቱ አንድ ዓይነት ነው፤ ቅባት ያለው ምግብ በልቶ ወይም ሽንኩርት ከሚቁላላበት ምድጃ አጠገብ ቆይቶ፣ እጁንና አፉን ሳይታጠብ ፀሐይ ላይ ወጣ፣ ወይም ላቡ ሳይደርቅ ነፋስ አገኘው ይባላል።

ትምህርት ቤት የገባ ሰው ይህን ሰምቶ መሳቁ የተለመደ ነው፤ እኔ ግን ሳቁ ያለ ቦታው ነው እላለሁ። ብርቱ ፀሐይ ከንፈርን ሲመታ ይህ ቁስል እንደሚነሣ የዛሬው የሕክምና ጥበብ በምርመራ አረጋግጦታል፤ በከፍተኛ ተራራና በበረዶ ላይ የሚጓዙ የውጭ አገር ሰዎችም ከንፈራቸውን የፀሐይ መከላከያ የሚቀቡበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ትኩሳት፣ ድካም፣ ኀዘንና ጭንቀት፣ በአንዳንድ ሴቶችም የወር አበባ ቁስሉን ይቀሰቅሱታል። ዳማከሴም ቢሆን ባዶ ቅጠል አይደለም፤ የአገራችን ተመራማሪዎች የቅጠሉን ጭማቂ በቤተ ሙከራ አይጦች ላይ ፈትነው ትኩሳትን እንደሚያበርድ ጽፈዋል። እንግዲህ አያቶቻችን ሕማሙ መቼ እንደሚነሣ በትክክል አይተዋል። ያላዩት፣ መሣሪያም ስላልነበራቸው ሊያዩት ያልቻሉት፣ ሕማሙ ፀሐይዋ ከመውጣቷ ብዙ ዓመት አስቀድሞ በሰውየው ሥጋ ውስጥ አድሮ መቆየቱን ነው። ፀሐይ ቀስቃሽ ናት እንጂ ነቅዑ እርሷ አይደለችም።

የሕማሙ ነቅዕ ሄርፒስ ሲምፕሌክስ የሚባል ረቂቅ ቫይረስ ሲሆን፣ ሁለት ዓይነት አለው፤ ዓይነት 1 በአብዛኛው በአፍና በከንፈር፣ ዓይነት 2 በአብዛኛው በኀፍረተ ሥጋ አካባቢ ይቀመጣል። በብዙዎቻችን ላይ ዓይነት 1 የሚገባው ገና በሕፃንነታችን፣ ከእናት፣ ከወንድም ወይም ከጎረቤት ምራቅ ነው። አንዳንዱ ሕፃን በዚያን ጊዜ ድዱ አብጦ፣ አፉ ቆስሎ፣ ጡት አልጠባ ምግብ አልበላ ብሎ አንድ ሳምንት ያህል ይሰቃያል፤ የሚበዛው ግን አንዳች ምልክት ሳያሳይ ያልፋል። ቫይረሱ ግን አያልፍም። ከቆዳው ተነሥቶ በነርቭ ጅማት ውስጥ ወደ ላይ ይጓዝና፣ በራስ ቅል ውስጥ በጆሮ ፊት ለፊት ባለው የፊት ነርቭ ቋጠሮ ገብቶ ይደበቃል። ዓይነት 2 ደግሞ ከወገብ በታች በአከርካሪ ሥር ወዳሉት የነርቭ ቋጠሮዎች ይሄዳል። በዚያ ሆኖ አይራባም፣ ሕዋሱን አይገድልም፣ የሰውነት ጠባቂ ኃይልም አያገኘውም፤ ባለቤቱ እስኪሞት ድረስ አብሮት ይኖራል። የሰውየው ኃይል በደከመ ወይም ፀሐይ በበረታች ቀን፣ በመጣበት ጅማት ተመልሶ ወርዶ በዚያው በቀድሞ ስፍራው ላይ ይወጣል፤ ስለዚህም ነው ብዙ ሰው ምች የሚወጣበት የከንፈሩ ቦታ ዘወትር አንድ የሆነው። ሽፍታው ከመታየቱ በፊት በዚያ ቦታ ላይ የሚሰማው ማሳከክና መንዘር የዚህ ጉዞ ምልክት ነው።

ይህ እውቀት በአንድ ቀን አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ1930 አንድሪውስና ካርማይክል የተባሉ ሁለት የእንግሊዝ ተመራማሪዎች የጎልማሶችን ደም ፈትነው፣ ቁስሉ እየደጋገመ የሚወጣባቸው ሰዎች ቫይረሱን የሚቋቋም የመከላከያ ንጥረ ነገር በደማቸው ውስጥ ያላቸው መሆናቸውን አገኙ፤ ነገሩ ለጊዜው የሚያስደንቅ ነበር፣ መከላከያ ያለው ሰው እንዴት ደጋግሞ ይታመማል? ከእነርሱ አንድ ዓመት አስቀድሞ አሜሪካዊው ጉድፓስቸር ቫይረሱ በነርቭ ቋጠሮ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ ነገር ግን ሐሳቡ በምርመራ የጸናው ከ40 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1971 ስቲቨንስና ኩክ በአይጦች ነርቭ ቋጠሮ ውስጥ የተኛውን ቫይረስ ባገኙ ጊዜ ነው። እንግዲህ በደም ውስጥ ያለው መከላከያ ደም ባለበት ይዋጋል፤ በነርቭ ውስጥ የተኛውን ግን አይደርስበትም።

እዚህ ላይ ስለ ኮምቦልቻና ከእርሷ በታች ስላሉት ቆላማ ስፍራዎች አንድ ብርቱ ነገር ልጨምር። ትኩሳት ቫይረሱን ስለሚቀሰቅሰው፣ ከንፈር ላይ የወጣው ቁስል አንዳንድ ጊዜ ከበስተኋላው የሌላ ከባድ በሽታ ጥላ አለበት። ወባ፣ የሳንባ ምች፣ ማጅራት ገትር፣ እነዚህ ሁሉ ከንፈርን ያቆስላሉ፤ የቀድሞ ሐኪሞችም በሳንባ ምችና በማጅራት ገትር በሽተኞች ከንፈር ላይ ይህን ሽፍታ ደጋግመው መዝግበውታል። አንድ ሰው ከቆላ ተመልሶ ሰውነቱ እየተንቀጠቀጠ፣ ራሱ እየፈለጠው፣ ከንፈሩ ቆስሎ ቤቱ ሲደርስ ቤተሰቡ ከንፈሩን አይቶ «ምች ነው» ብሎ በዳማከሴ ሲያሸው፣ ሁለት ሦስት ቀን ሲያልፍ የደም ምርመራው ይዘገያል፤ ወባው ግን አይዘገይም። ቅጠሉ አልጎዳውም፤ የጎዳው ፍርዱ መቸኮሉ ነው። ስለዚህ በቆላ ያደረ ሰው ከንፈሩ ቆስሎ ትኩሳት ቢይዘው፣ ዳማከሴውን ከፈለገ ይጠጣ፣ ግን በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ደሙን ያስመርምር። አንገቱን ማጎንበስ ያቃተው፣ ወይም ንግግሩ የተዛባ፣ ወይም ትንፋሹ የተቆራረጠ ሰው ካጋጠማችሁ ግን ቡናውን እንኳ አታፍሉለት፤ ተሸክማችሁ ሂዱ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ባወጣው ግምት እንደተገለጸው፣ ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በታች ከሆኑት የዓለም ሕዝቦች መካከል 3.8 ቢሊዮን ያህሉ፣ ማለትም ከ100ው 64ቱ፣ ዓይነት 1ን በሥጋቸው ይዘዋል። በአፍሪካ ይህ ድርሻ ከሁሉም አህጉር የበለጠ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ይህን ንግግር ከሚያደምጡት መካከል ቫይረሱ የሌለበትን ሰው ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል፣ እኔም ከእናንተ የተለየሁ አይደለሁም። በበለጸጉት አገሮች ግን ነገሩ እየተለወጠ መጥቷል፤ ቤቱ እየሰፋ፣ ልጆቹ እያነሱ፣ ንጽሕናው እየተጠበቀ ሲሄድ ሕፃናቱ ዓይነት 1ን ሳይያዙ ያድጋሉ፤ ካደጉ በኋላም በፍትወት ጊዜ ከአፍ ወደ ኀፍረተ ሥጋ ይቀበሉታል። ስለዚህ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በኀፍረተ ሥጋ ላይ አዲስ ከሚወጣው ቁስል ጥቂት የማይባለው ዓይነት 1 ሆኗል። ይህ ለእኛ ጉዳዩን አንድ ደረጃ ግልጽ ያደርግልናል፤ ቫይረሱ የአፍና የኀፍረተ ሥጋ ብሎ ራሱን በአጥር አልከለለም፤ አጥሩን የሠራነው እኛ ነን።

አንዳንድ ጊዜ «እንግዲህ ጉርሻ ይቅር? መስቀል መሳለም ይቅር?» ብሎ የሚጠይቅ አለ። ይህን ጥያቄ በቁም ነገር መመለስ ይገባል፤ ፍርሃት ከበሽታው በበለጠ ማኅበርን ያፈርሳልና። ቫይረሱ ልባሱ ቅባት በመሆኑ በሳሙናና በአልኮል ይጠፋል፣ በደረቀ ነገር ላይም ረጅም ጊዜ አይቆይም፤ ዋናው መንገዱ የቆዳ ንክኪ፣ የትኩስ ቁስልና የምራቅ መተላለፍ ነው። የካህኑን መስቀል መሳለም፣ በመስጊድ ለውዱእ አንድ ማሰሮ መጠቀም፣ የታወቁ የመተላለፊያ መንገዶች አይደሉም። ከንፈሩ በቆሰለ ሰው ስኒ ወዲያው መጠጣት፣ የእርሱን ጉርሻ መቀበል፣ ፎጣውን መካፈል ግን በዚያ ሳምንት ብቻ ቢቀር ማንም አይጎዳም፤ ዐዋቂውም ሕፃኑን ለማጉረስ ምግብ በአፉ አድቅቆ የሚሰጠው ከሆነ ይህን ልማድ ሙሉ በሙሉ ይተው። ቁስሉን የነካች ጣት ሳትታጠብ ዓይንን እንዳትነካ ግን አጥብቄ እለምናችኋለሁ፤ ምክንያቱን አሁን እነግራችኋለሁ።

ዓይነት 1 በዓይን ሲገባ የዓይንን ብሌን የሚሸፍነውን ጥርት ያለ ሽፋን፣ ኮርኒያ የሚባለውን ያቆስለዋል። የዓይን ሐኪሙ ብርቱካንማ ቀለም ያለው ጠብታ አድርጎ በሰማያዊ ብርሃን ሲመለከተው፣ ቁስሉ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እየተከፋፈለ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል፤ ይህን ምልክት አንድ ጊዜ ያየ ሐኪም አይስተውም። በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.5 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች በዚህ የዓይን ቁስል እንደሚያዙ፣ ከእነርሱም 40,000 ያህሉ አንድ ዓይናቸውን ክፉኛ እንደሚጎዱ ይገመታል። የሚያሳዝነው ግን ጉዳቱን አንዳንድ ጊዜ የሚያብሰው ያለ አግባብ የተወሰደ መድኃኒት መሆኑ ነው፤ ዓይኑ የቀላ ሰው ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ገዝቶ ሲጨምር፣ መቅላቱ ለጊዜው ይበርዳል፣ ቫይረሱ ግን የሰውነት መከላከያ ስለተያዘለት በኮርኒያው ላይ በነጻነት ይሰፋል። የዓይን ጠባሳ አንዴ ከተተከለ በጠብታ አይነሣም። እዚህ አቅራቢያችን፣ ከደሴ በስተሰሜን፣ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. የሃይማኖት ጉባኤ ባደረጉበት በቦሩ ሜዳ፣ በሥጋ ደዌ ሕክምና የታወቀና ዛሬ የቆዳና የዓይን ሕሙማን ከሩቅ የሚመጡበት ሆስፒታል አለ፤ ቀይ ዓይን ይዞ ወደዚያ መሄድ ጠብታ ከመግዛት ይሻላል።

በአንጎል ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከሁሉ የከፋ ነው፣ ነገር ግን ከስንት አንድ ነው፤ ሰውየው በድንገት ትኩሳት ይዞት፣ ጠባዩ ተለውጦ፣ ንግግሩ ተዛብቶ፣ አንዳንዴም እየተንፈራፈረ ሲገኝ ዘመዱ ጸበል ወይም ቃልቻ ቤት ሊወስደው ይችላል። ካልታከመ ከ10ሩ 7ቱን ገደማ የሚገድል ሕማም ነው፤ መድኃኒቱ በጊዜ በደም ሥር ከተሰጠ ግን የሚሞተው ቁጥር እጅግ ይቀንሳል። ጸበሉን አልነቅፍም፤ ሐኪሙ ይቅደም እላለሁ።

አሁን ወደ ስውሩ ዘመድ ልመለስ። ዓይነት 2 በፍትወተ ሥጋ ይተላለፋል። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በዓለም ላይ ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው መካከል 520 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች ይዘውታል፤ ሁለቱም ዓይነቶች በኀፍረተ ሥጋ ላይ ያደረሱት ሲደመር 846 ሚሊዮን ይደርሳል። ሴቶች ከወንዶች ይበልጣሉ፤ ይኸውም በጠባያቸው ሳይሆን በሥጋቸው አሠራር ከወንድ ወደ ሴት መተላለፉ ስለሚቀል ነው። ከተያዙት አብዛኞቹ መያዛቸውን አያውቁም፤ ወይ ምልክት የላቸውም፣ ወይ ትንሿን መሰንጠቅ እንደ መፋተግ ወይም እንደ ሽንት ማቃጠል ይቆጥሯታል። ቁስል ሳይኖርም ቫይረሱ በቆዳ ላይ አልፎ አልፎ ይገኛልና፣ ያላወቀው ሰው ላላወቀው ሰው ያስተላልፈዋል።

ስለ ደሴና ስለ ኮምቦልቻ ስንናገር የአሰብን መንገድ መዝለል አይቻልም። እስከ 1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ድረስ የኢትዮጵያ ዕቃ በብዛት ይገባ የነበረው ከአሰብ ወደብ ሲሆን፣ ከባድ መኪናዎቹ በሚሌና በባቲ በኩል ዐልፈው ኮምቦልቻ ይደርሱ ነበር፤ ነጂዎቹ ያደሩበት ከተማ ሁሉ ምግብ ቤቱ፣ ጠላ ቤቱና መኝታ ቤቱ በዝቶበት ነበር። የኤች አይ ቪ ቫይረስ በኢትዮጵያ መኖሩ እ.ኤ.አ. በ1984 ተወስዶ በተቀመጠ ደም ውስጥ ታውቋል፣ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማንም እ.ኤ.አ. በ1986 ታይተዋል፤ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1988 ከ20 በሚበልጡ ከተሞች በመጠጥ ቤት በሚሠሩ ሴቶች ላይ በተደረገው ምርመራ ደሴ በሽታው ከበረታባቸው ከተሞች መካከል ተገኘች። ይህን የማነሣው ሴቶቹን ለመንቀፍ አይደለም፤ ነጂው፣ ነጋዴውና ወታደሩ ያመጡትን ሸክም እነርሱ ብቻቸውን ተሸክመው ስማቸው ጠፋ። የማነሣው ሌላው ተጓዥ፣ ማንም ያልቆጠረው ዓይነት 2፣ በዚያው መንገድ አብሮ ሲወጣና ሲወርድ ስለነበረ ነው። ዓይነት 2 ያለበት ሰው ኤች አይ ቪ ለመያዝ ያለው አደጋ ሦስት እጥፍ ገደማ ይጨምራል። ምክንያቱ ሁለት ነው፤ አንደኛ ቁስሉ ራሱ ክፍት በር ነው፤ ሁለተኛም ቁስሉ ድኖ ቆዳው ከገጠመ በኋላ እንኳ፣ ኤች አይ ቪ የሚፈልጋቸው የደም ሕዋሳት በዚያ ስፍራ ለወራት ተሰብስበው ይቆያሉ።

ሊቃውንቱ ከዚህ ተነሥተው ተስፋ አድርገው ነበር፤ አንዱን በመድኃኒት ብናስተኛው ሁለተኛው ይቀንሳል ብለው በሰባት የአፍሪካ አገሮች አንደኛው ወገን ኤች አይ ቪ ያለባቸውን ከ3,400 በላይ ጥንዶች ፈተኑ። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ውጤት ተስፋውን አመከነው፤ ቁስሉ ቀነሰ፣ በደም ውስጥ ያለው የኤች አይ ቪ መጠንም ዝቅ አለ፣ መተላለፉ ግን አልቀነሰም። በሳይንስ ዘንድ እንዲህ ያለው እውነተኛ «አይሆንም» ከብዙ «ሊሆን ይችላል» ይበልጣል ብዬ እገምታለሁ፤ ከባዶ ተስፋ አድኖናልና።

ስለ መከላከያው ካነሣን፣ በደሴና በኮምቦልቻ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ወንድ ልጁን ይገርዛል። በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ የተደረጉ ጥናቶች ግዝረት በወንዱ ላይ ዓይነት 2 የመያዝን ዕድል ከሩብ እስከ ሲሶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይተዋል፤ የሚበዛው አደጋ ግን ሳይነካ ይቆያል። ኮንዶምም እንዲሁ አደጋውን ይቀንሳል እንጂ ኮንዶም ከማይሸፍነው ቆዳ የሚወጣውን አያግደውም።

በኀፍረተ ሥጋ ላይ የሚወጣው ቁስል ሁሉ ሄርፒስ አይደለም። ቂጥኝ በአብዛኛው አንድ የማያም ጠንካራ ቁስል ሆኖ ይወጣል፤ ከርክር የሚያም፣ ጠርዙ የተበላና መግል ያለበት ነው፤ ሄርፒስ ግን በብዛት የተሰበሰቡ፣ ውኃ የቋጠሩ፣ ሲፈርጡ የሚያቃጥሉ ጥቃቅን ቁስሎች ናቸው። ሁሉም ግን በዓይን ብቻ አይለዩምና፣ በጤና ጣቢያዎቻችን የሚሠራበት መመሪያ ሐኪሙ የላቦራቶሪ ምርመራ በሌለበት ለሁሉም በአንድነት እንዲያክም ያዝዘዋል። በከንፈርና በፊት ላይ ደግሞ ሌላ ስሕተት አለ፤ ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ፣ የማያም፣ ቀስ በቀስ የሚሰፋ ቁስል ምች ሳይሆን ቁንጭር ሊሆን ይችላል፤ ይህንንም ቦሩ ሜዳ ያክሙታል። በወገብ ወይም በግንባር በአንድ ጎን ብቻ መስመር ሠርቶ የሚወጣው፣ ሥቃዩ የበረታው አልማዝ ባለጭራም የዚህ ቫይረስ ቤተሰብ ቢሆንም፣ ከጉድፍ ቫይረስ የሚመጣ ሌላ ሕማም ነው።

መድኃኒት አለው? አለው፣ ግን አይነቅለውም። አሲክሎቪር የሚባለው መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተገኘ ሲሆን፣ ሥራው በጣም የተመጠነ ነው፤ በጤናማ ሕዋስ ውስጥ ሲገባ ዝም ይላል፣ ቫይረሱ በገባበት ሕዋስ ውስጥ ግን ቫይረሱ ራሱ የሠራው ንጥረ ነገር ያነቃውና የቫይረሱን መራባት ይቆርጠዋል። ለዚህና ለሌሎች መድኃኒቶች መገኘት በር የከፈተችው ገርትሩድ ኤሊዮን እ.ኤ.አ. በ1988 ከሁለት ሰዎች ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብላለች፤ ዶክትሬት ሳትጨርስ እዚህ መድረሷን በየምርቃቱ ማስታወስ ደስ ይለኛል። መድኃኒቱ በነርቭ ውስጥ የተኛውን አይነካም፣ የተነሣውን ግን ያሳጥረዋል፣ ስለዚህም ማሳከኩ እንደተጀመረ ከተወሰደ ይበልጥ ይጠቅማል። ከዚህ ይልቅ በየቤቱ የሚታየው ልማድ የአምፒሲሊን ወይም የቴትራሳይክሊን ካፕሱል ከፍቶ ዱቄቱን ቁስሉ ላይ መነስነስ ነው፤ እነዚህ ባክቴሪያን የሚገድሉ ናቸው እንጂ ቫይረስን አይነኩትም። ክትባት እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ በአሜሪካና በካናዳ ከ8,000 በላይ ሴቶች ላይ የተሞከረው ክትባት ዓይነት 2ን እንዳላገደ እ.ኤ.አ. በ2012 ተነግሯል።

ስለ ትዳር የምናገረው ከዚህ ሁሉ ይከብዳል። ባል ወይም ሚስት ከተጋቡ ከአምስትና ከስድስት ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ቁስል ቢወጣባቸው፣ ሌላኛው ወገን «ከማን አመጣኸው፣ ከማን አመጣሽው» ብሎ ይነሣል፤ ሽማግሌ ይጠራል፣ ነገሩ ቤት ያፈርሳል። ስሙ፤ ቫይረሱ ለዓመታት ተኝቶ ቆይቶ፣ ከጋብቻም በፊት ገብቶ፣ ዛሬ ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ የዛሬ ቁስል የዛሬ ዝሙት ምስክር አይሆንም። ለማስታረቅ የምትቀመጡ ሽማግሌዎች፣ ካህናትና ሸሆች፣ በዚህ ጉዳይ ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት ሁለቱንም ወደ ሐኪም ላኩ፤ ከንፈሩ የቆሰለን ሰው «አይዞህ» የሚለው አንደበታችሁ ለዚህኛውም አይነፈገው።

የቀረኝ አንድ ነገር ነው፣ እርሱም ስለ አራስ ቤት ነው። ገና የተወለደ ሕፃን የመከላከያ ኃይሉ አልጠነከረም፤ ቫይረሱ ከገባበት በጉበቱ፣ በሳንባውና በአንጎሉ ይሰፋል፤ ካልታከመ ብዙዎቹን ይገድላል፣ የተረፉትንም አካል ያጎድላል። በዓለም ላይ ከ100,000 ወሊድ 10 ያህሉን እንደሚያገኝ ይገመታል። ከሁሉ የሚያሰጋው እናቲቱ በእርግዝናዋ የመጨረሻ ወራት ለመጀመሪያ ጊዜ ስትያዝ ነው፤ ስለዚህ ነፍሰ ጡር በኀፍረተ ሥጋዋ ላይ ቁስል ካየች፣ ለአዋላጇ ሳታፍር ትናገር። ከዚያ በኋላ ያለው ግን የእኛ የጠያቂዎች ድርሻ ነው። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ወይም «እንኳን አላህ በሰላም ገላገለሽ» ልትሉ ከገንፎው ለመቅመስ የምትሄዱ ሁሉ፣ በዚያ ሳምንት ከንፈራችሁ ላይ ምች ካለባችሁ፣ ገንፎውን ብሉ፣ እናቲቱን በቃል መርቁ፣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ሕፃኑን ግን አትሳሙት።